ለአምስተኛው ስም ሁለት ድምፅ

ጥቅምት 16፣ ረቡዕ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

የወተት ቆርቆሮው ዛሬም ከሻይ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው። ስነቀንቀው ድምፁ ወፍሯል፤ ብዙ ወረቀት ገብቷል ማለት ነው። የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነቡ ሰዎች ሻይ ሳያዙ ስም ብቻ እየጻፉ ይሄዳሉ ብለው ያማርራሉ። እሳቸው ራሳቸው ሁለተኛ ወረቀት ሲያጥፉ ደረስሁባቸው። ለአንድ ደጋፊ አንድ ወረቀት፤ ደንቡ ይህ ነው። ደንቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ተቀበልኋቸው፤ አኮረፉ።

ደብተሬ፣ አንተ ስለ ኳስ አታውቅም፤ ላስረዳህ። የዴም ቡድን በካርቱም የዴም ሰፈር የሐበሾች ቡድን ነው። ሙቀቱ ሲበርድ፣ በኅዳር መግቢያ፣ ከካላክላና ከኦምዱርማን ሐበሾች ጋር ዓርብ ዓርብ መጋጠም ይጀምራል። ተጫዋቾቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹም መንገደኞች። በውድድሩ መካከል አንዱ ይጠፋል። ከሳምንታት በኋላ ከሊቢያ ይደውላል። ወይም አይደውልም። ስለዚህ በየዓመቱ ውድድሩ ሳይጀመር ደጋፊው በመጪው የውድድር ዘመን አብልጦ የሚጓጓለትን ተጫዋች ስም ጽፎ ቆርቆሮው ውስጥ ይጨምራል። ብዙ ድምፅ ያገኙት አምስት ስሞች በሜዳው ላይ ይነበባሉ። ስሙ የተነበበለት ተነሥቶ «አለሁ» ይላል። አለሁ ያለ ሰው የመጨረሻው ጨዋታ እስኪፈጸም ከካርቱም አይወጣም። የሚያስገድድ ወረቀት የለም፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ቃሉን ያፈረሰ የለም። አምና በረኛችን ጓደኞቹ ሁሉ ሲሄዱ ብቻውን ቀርቶ እስከ መጨረሻው ግባችንን ጠብቋል።

ጸሐፊ ያደረጉኝ አሠልጣኛችን ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሥራቸው ረክሻ፣ የእኛን ባጃጅ፣ መጠገን ነው። የመረጡኝ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ፣ «ደግሞም እሷ ብትሞት አታጭበረብርም» ብለው ነው።

ወንድሜ ኤፍሬም (ከእንግዲህ ኤ. እለዋለሁ) በግራ ክንፍ ይጫወታል። ቆርቆሮው ምን ያህል እንደከበደ ማታ ማታ ይጠይቀኛል። አልመልስለትም።

ጥቅምት 17፣ ሐሙስ፤ ጧት 1 ሰዓት

የኤ.ን ሱሪ ላጥብ ቀበቶውን አወጣሁ። በውስጥ በኩል በማይጠፋ ቀለም ሁለት ስልክ ቁጥሮች ተጽፈዋል። አንዱ የማላውቀው። ሌላው የእኔ። ከእኔው ጎን በትንንሽ ፊደል፦ «እኅት»።

ይህ ለምን እንደሚጻፍ ካርቱም የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። በረሃ ላይ የወደቀ ሰው ስልኩን አይዝም፤ ቀበቶው ግን ከወገቡ አይለይም። ያገኘው ሰው ይደውላል።

ከቀኑ 11 ሰዓት

ጠየቅሁት። አልካደም። ጥቅምት 30፣ ረቡዕ፣ ከኦምዱርማን ጭነት መኪና ይነሣል። ደላላው ቦታ ይዞለታል። እማዬ አታውቅም።

ምክንያቶቼን በቅደም ተከተል አቀረብሁለት። ካርታ አወጣሁ። ርቀቱን በጣቴ አሳየሁት። ውኃ የሌለባቸውን ቦታዎች አሳየሁት። የዜና አንባቢ እንደሚሰማ ሰው በትሕትና አዳመጠኝና ሳቀ። «አንቺ እኮ እኅት ሳትሆኚ ፍርድ ቤት ነሽ» አለኝ። ቀጥሎ ጫማውን እየፈታ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ ከአምስቱ ስሞች ውስጥ ከገባ እንደሚቀር ተናገረ። ሰው እየጠበቀው አይሄድም። ካልገባ ግን እዚህ ለማን ብሎ ይቀመጣል?

በቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን አውቀዋለሁ። እውነቱን የሚናገረው ጫማ ሲፈታ ነው።

ጥቅምት 18፣ ዓርብ፤ ከልምምድ መልስ

በዚህ ሳምንት ከሻ ነበር፤ ፖሊስ መኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ከየመንገዱ ሲለቅም ሰነበተ። ሦስት ተጫዋቾች ከቤት አልወጡም። የቀሩት አቧራ እየበሉ ሮጡ።

ደጋፊው እንደ ወትሮው በአጥሩ ላይ ተሰልፏል። ኤ. ሁለት ጊዜ ኳስ ተነጠቀ። አንዱ ከአጥሩ ላይ ጮኸ፦ «ኤፍሬም፣ ኳሷን እስከ ካላክላ ነው የምትሸኛት?» ሁሉም ሳቁ። ኤ.ም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያ ሰው ድምፁን ለማን እንደሰጠ እያሰብሁ ነበር።

ከዚያ ሰይፉ ተነሣ። ተከላካይ ነው፤ ካላክላ ቢኖርም ለእኛ ይጫወታል፤ ሳምንቱን ሙሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ የወለል ንጣፍ ሲያነጥፍ ይሰነብታል። «ጀነሬተር» ይሉታል፤ ለመነሣት ይዘገያል፣ ከተነሣ ግን አይጠፋም። አጥሩ ሁሉ በአፉ የሞተር ድምፅ ያሰማለታል። ደስ ይለዋል።

በእረፍቱ ወደ እኔ መጣ። በቆርቆሮው ውስጥ ስሙ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። ምስጢር ነው አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ ጸሐፊ። አንድ እንኳ ካለ ንገሪኝ። ማን እንደሆነ አልጠይቅም።»

መናገር እንደማይገባኝ አስረዳሁት። አመሰገነኝ። ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅምት 22፣ ማክሰኞ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል

አለቃዬ ለሶላት ወጥቷል። የምሠራበት የትርጉም ቤት ባዶ ነው። ቆርቆሮውን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈትሁ።

ሃምሳ ሦስት ወረቀት። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁ። በረኛው 15። አጥቂው 10። ሁለቱ አማካዮች 8 እና 7። አምስተኛ፣ ሰይፉ፣ 6። ስድስተኛ፣ ኤፍሬም፣ 4። ሦስት ሰዎች አንዳንድ።

ሁለት ድምፅ።

ከቀኑ 8 ሰዓት

ለአንተ ካልጻፍሁት ለማን ልጽፈው?

ከሰይፉ ስድስት ወረቀቶች ሁለቱን አወጣሁ። አንዱ በእርሳስ የተጻፈ ነበር፤ «ጀነሬተር» ይላል፣ ከሥሩም አምፖል ተሥሏል። በምትካቸው ሁለት ወረቀት ቀደድሁ። የኤፍሬምን ስም በግራ እጄ ጻፍሁ፤ እንዳይታወቅ አንዱን በሰማያዊ፣ አንዱን በጥቁር። ድምሩ ሃምሳ ሦስት መሆኑን አረጋገጥሁ። ስሰርቅ እንኳ ድምሩ እንዲስተካከል ተጨነቅሁ። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ።

ለራሴ እንዲህ አልሁ፦ ሰይፉ የትም አይሄድም። ሥራ አለው። ስለ መንገድ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የሚደርስበት ጉዳት ምናልባት ለአንድ ቀን ቅር መሰኘት ነው። በሌላው ሚዛን ያለው ግን የወንድሜ ነፍስ ነው።

ሙግቱ ጥሩ ይመስላል። አለቃዬ ሳይመለስ ቆርቆሮውን ከደንሁት።

ጥቅምት 25፣ ዓርብ፤ ማታ 12 ሰዓት

ተነበበ።

ጋሽ ደምሴ በአረብኛና በአማርኛ አደባልቀው ጮኹ፦ «ያላ፣ ኸላስ፣ ዝም በሉ! ጸሐፊያችን ታንብብ!» ስሙን ከነድምፁ ቁጥር አነበብሁ። በረኛው፣ አለሁ። አጥቂው፣ አለሁ። አማካዮቹ ተከታትለው፣ አለሁ፣ አለሁ። አምስተኛውን ስም ከማንበቤ በፊት ከአጥሩ ላይ የሞተር ድምፅ ማሰማት ጀምረው ነበር። ሰይፉ መሬት ላይ ተቀምጦ እየሳቀ፣ አንድ እጁን ለመነሣት አቧራው ላይ አስደግፏል።

«ኤፍሬም» አልሁ።

የሞተሩ ድምፅ ቀስ በቀስ ጠፋ። ኤ. ቀና ብሎ እኔን አየ፤ ከዚያ ሕዝቡን። ተነሣ። ፊቱ እንደ ልጅነቱ ሆነ። አለሁ ሲል ድምፁ ተሰበረበት። ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡለት። ሐበሻ ጭብጨባ አይነፍግም።

ሰይፉ እጁን ከአቧራው አነሣ። በሱሪው ጠረገው። እሱም አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንመለስ ኤ. ረክሻ ውስጥ ዘፈነ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም።

ጥቅምት 29፣ ማክሰኞ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ኤ. ከሥራ ገባ። እግሩን እየታጠበ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ነገሩ ሁሉ በሰላም እንዳለቀ አወራልኝ። ደላላው ቦታው ባዶ ከቀረ ይቆጣል ብሎ ፈርቶ ነበር። ተተኪ ተገኘ። ዓርብ ዕለት ከሜዳ ሲወጡ ተተኪው ራሱ መጥቶ ቦታውን ጠየቀው።

ማን ብዬ መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ጠየቅሁ።

ሰይፉ።

ለካ ለወራት ሲያመነታ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እንሂድ ይሉታል፤ እሱ ግን ከዚህ ውድድር በኋላ ይላቸው ነበር። ዓርብ ግን ለኤ. የነገረው ሌላ ነው። ከሃምሳ ሰው መካከል የሚጓጓለት ከሌለ ምን አስቀመጠው? ኤ. ሊያጽናናው ሞከረ፤ የሚመጣው ዓመት አለ አለው። ሰይፉ ሳቀ። ጀነሬተር ብዙ ከቆመ ይዝጋል ብሎት ሄደ።

ኤ. ይህን እየነገረኝ እግሩን በፎጣ ያደርቃል። ምን ሆንሽ አለኝ። ራሴን አመመኝ አልሁ።

የሰይፉን ስልክ ደወልሁ። ዝግ ነው። እንደገና። ዝግ። መኪናው ነገ ነው።

ጥቅምት 30፣ ረቡዕ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት

ሥራ አልገባሁም። ሲነጋ ካላክላ፣ ሰይፉ ቤት፣ ሄድሁ። አብሮት የሚኖረው ልጅ በሩን ከፈተ። ትናንት ማታ ወጥቷል። ፍራሹ ተጠቅልሎ በግድግዳው ቆሟል። ኦምዱርማን ውስጥ ወዴት እንደሄደ አያውቅም፤ ቢያውቅም አይነግረኝም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልናገርም።

ሐፍላ ተሳፈርሁ፤ ሚኒባሱ ድልድዩ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመ። ነጭ ዓባይን አየሁት፤ አይቸኩልም። ኦምዱርማን ገበያ ወረድሁ። ጭነት መኪና የሌለበት ጥግ የለም። ሽንኩርት የጫነ፣ ፍየል የጫነ፣ ባዶ። ለማን ምን ብዬ እጠይቃለሁ? የሱዳን አረብኛዬ ለሰነድ ይበቃል፤ ኮንትራት እተረጉማለሁ፤ የልደት ምስክር ወረቀት እተረጉማለሁ። «ሰው የሚያሻግር መኪና የት አለ?» ብሎ በአደባባይ መጠየቅ ግን አይቻልም። አንዲት ሻይ ሻጭ ተጨንቄ ስታየኝ ወንበር ሰጠችኝ። ማንን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ወንድሜን አልኋት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መኪናው ንጋት ላይ መነሣቱን አንድ ተሸካሚ ነገረኝ። ወይም ሊያሰናብተኝ ፈልጎ ይሆናል።

ስልኩ ዝግ ነው።

ኅዳር 1፣ ሐሙስ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጋሽ ደምሴ የነገውን የተጫዋቾች ዝርዝር ሊያስተይቡ ወደ ትርጉም ቤቱ መጡ። እጃቸው በግራሶ ጠቁሯል፤ ወረቀቱን በሁለት ጣት ጫፍ ያዙልኝ። ሰይፉን አውጪው፣ ሄዷል አሉ። ሌሎችን ሲያስወጡ በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ።

ነገርኋቸው። ሁሉንም፤ ቀለሙን ጭምር።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አለቃዬ በስልክ ይስቃል፤ የፎቶ ኮፒው ማሽን ወረቀት ይተፋል። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሁለቱን ወረቀት ባትነኪ ወንድምሽ ነበር ዛሬ በረሃ ላይ ያለው። ያን ጊዜ መጥተሽ ትነግሪኝ ነበር?»

የሰይፉን ስም ከዝርዝሩ ሠረዝሁ።

ለኤ. እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ። ከሰማ ቃሉ ይፈታል፤ የሚቀጥለው መኪና ሩቅ አይደለም። ስለ ሰይፉ ምን እናድርግ አልኋቸው። ሊደውል ይችላል፣ ኢንሻላህ አሉ። ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖረዋል፤ ከዚህ የተሻለ ነገር ቢኖር ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። ዝርዝሩን ተይቤ ሰጠኋቸው። አሥራ ሰባት ስም።

ከምሽቱ 12 ሰዓት

ኤ. የነገ ጫማውን በአሮጌ ቲሸርት እየወለወለ ነው። ትናንት ማታ እማዬ ጋ ደውሎ ካርቱም ውስጥ ስድስት ሰው ስሜን ጻፈ ብሏታል። እሷ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ደስ ግን ብሏታል። አሁን ደግሞ ስድስቱን ወረቀቶች እንድሰጠው ይጠይቀኛል። ከአልጋው በላይ ሊለጥፋቸው። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።

ከኋላው ሆኜ አየዋለሁ። ማጅራቱ በፀሐይ ተልጧል። ይህን ሁሉ ሳምንት ምክንያት ደረደርሁለት፤ ካርታ ዘረጋሁለት፤ ሃምሳ ሦስት ሰው በእኔ ፈንታ እንዲለምንልኝ አደረግሁ። «አትሂድብኝ» ብዬው ግን አላውቅም። አንድ ጊዜም። ቃሉ ቀላል ነው። ምናልባት አይበቃም። ምናልባት ሰምቶኝም ይሄዳል፤ በሩን መቆለፍ አልችልም፤ ቀበቶውን ብቀማው ሌላ ይገዛል።

ነገር ግን በሐሰት እያስቀመጥሁት፣ በእሱ ቦታ የሄደውን ልጅ ስም በየቀኑ ከእሱ አፍ መስማት አልችልም። ከጨዋታው በኋላ ልንገረው? ያ ለእኔ የሚመች ነው። በፊት።

የድምፅ ወረቀቶቹን ያኖርሁበትን ሣጥን ከፈትሁ። በግራ እጄ የጻፍኋቸውን ሁለቱን ቀደድኋቸው። የቀሩትን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ስሙን በቀኝ እጄ፣ በሚነበብ ጽሕፈት፣ ጻፍሁበት። አራት ናቸው። አሁን እሰጠዋለሁ፤ ሲቆጥራቸው አጠገቡ እቀመጣለሁ።