መውጫ የሌለው ሳጥን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም አባ፣ አካም ጂርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እማን ጉልበቷ ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ እያለ መጻፌ አይግረምዎ፤ በስልክ ብነግርዎ «ትምህርትሽን እንዳትተዪ» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ወንድሜ ጃፋር ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ አንድ ቃል እንዳይዘል።

እሱው ሁሉንም ነግሮኛል። ሻሸመኔ ያለው ሐኪም የዓይንዎ ግፊት ካልቀነሰ የቀረውም ብርሃን ይጠፋል ብሎ ለኦፕራሲዮን ቢቀጥርዎ፣ «ፎዚያ ሳትመጣ ማንም ዓይኔን አይነካም» ብለው ተመለሱ አሉ። ወይ አባ! ይህን ከሰማሁ ወዲህ ምግብም አይበላልኝም። እርስዎ እኔን ይጠብቃሉ፣ እኔ እዚህ ኮምፒውተር እጠብቃለሁ።

ሥራሽ ምንድን ነው ብለውኝ ነበር። አንድ ከተማ የምታክል፣ ከፀሐይ ግን የምትከብድ ኮከብ አለች፤ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትሾራለች። ዙሪያዋን ፕላዝማ የሚባል ኤሌክትሪክ ያዘለ ጋዝ አለ። በማግኔቷ ኃይል አስራ፣ አውድማ ላይ እንደሚዞሩ በሬዎች አብራ ታዞረዋለች፤ ከፊሉ ግን አምልጦ ይወጣል። እኔ ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በአንድ የስሌት ሳጥን አስመስላለሁ። ስሌቱ ግን መሀል ላይ ሲደርስ ይበላሽብኝ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር መልሶ የሚያስነሳው ሰው ስለሚያስፈልግም፣ መምህሬ ዶክተር ራህመቶ ሳያልቅ ከአዳማ ንቅንቅ እንዳትዪ አሉኝ። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል መስኮት አቧራ እንዳይገባ በምስማር ተመትቷል፤ ሙቀቱን ተዉት። እዚያ ውስጥ ስውል የታሰርኩ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ጥፋቱን አገኘሁት። ለካ የሳጥኑን ዳር የዘጋሁት እኔው ነኝ። ማምለጥ ያለበት ፕላዝማ ግድግዳው ጋ እየደረሰ ይመለሳል፣ ይከማቻል፣ በመጨረሻ ስሌቱን ያፈርሰዋል። እኔ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ኮከቧን ስወቅስ! መውጫ ስሰጠው ተስተካከለ።

አሁን ለመጨረስ ወር ገደማ ይፈልጋል። ዶክተሩ ዛሬም አጠገቡ ሁኚ ይላሉ። እኔ ግን እሁድ እመጣለሁ አባ። መብራት ጠፍቶ ስሌቱ ቢቋረጥ ምረቃዬ ለከርሞ ይተላለፋል፤ ይተላለፍ። ስሌት እንደገና ይጀመራል፣ ዓይንዎ ግን አይጀመርም።

የእማን ጉልበት ስሜያለሁ። የወንድሜን ሚስት ዱሬቲን እንኳን በሰላም ተገላገልሽ በደብዳቤ አልላትም፣ እስክትወልድ እደርሳለሁና። ጎረቤታችንን አብዱልጀባርን ሰላም በሉልኝ።

ጃፋር፣ አሁን ቀና ብለህ አባን እያቸው። እየሳቁ ከሆነ ለሰኞ ቀጠሮ ያዝ፤ እየተቆጡም ከሆነ ያዝ።

ልጅዎ ፎዚያ
አዳማ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.