አንደበትሽን የለመደችው ጎረቤትሽ

አለምዬ፣ እህቴ፣

ከተለያየን ዓመት አለፈ። ተዝካርሽን ያለፈው እሑድ አወጣን። ድንኳን አልተከልንም፤ አንቺም አትወጂውም ነበር። የካ አባዶ ያለውን ቤትሽን ልጅሽ ሰላም ይዛዋለች፤ ግድግዳውን ቢጫ ቀብታዋለች። በጣም ቢጫ ነው። የታክሲው ሰልፍ እንደተውሽው ነው። እኔም እዚያው ፈረንሳይ ሰፈር አለሁ፤ ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ይለኛል እንጂ ደህና ነኝ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ጎረቤትሽ ስለ ብርቄ ነው። እቀናባታለሁ። አንቺ ካለፍሽ በኋላ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ አልለቀቀኝም።

የዘር እንቁላል ማምረቻው ካንሰር መጀመሪያ ሲይዝሽ ያስታመምኩሽ እኔ ነኝ። በቀዶ ጥገናውም፣ በኬሞውም፣ ፀጉርሽ ረግፎ እንደ ጫጩት ላባ ሲበቅልም አጠገብሽ ነበርኩ። ድነሻል ተባልሽ። ከዓመታት በኋላ መንገዳገድ ጀመርሽ። አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ታየሽ፣ ምላስሽ ተሳሰረ። ስትሮክ ነው አልን፤ የጭንቅላትሽ ምርመራ ግን ምንም አላሳየም። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም አስቀምጣ አስረዳችን። ካንሰሩ ሆድሽ ውስጥ ተመልሷል፤ ሰውነትሽ እሱን ሊዋጋ ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ ሚዛንንና ንግግርን የሚቆጣጠረውን የአንጎልሽን ክፍል እያጠቃ ነው። እምብዛም የማይገጥም ነገር ነው፤ ካንሰሩ ቢታከም እንኳ አንደበትሽ ላይመለስ ይችላል አለች። ሐሳብሽ ግን ሙሉ ነበር። ሁሉን ታውቂያለሽ፤ ስትናገሪ ግን አፍሽ ውሃ የያዘ ይመስል ነበር።

ብርቄ አጠገብሽ ያለውን ቤት ተከራይታ የገባችው ያኔ ነው።

አጥሚት በፔርሙስ ይዤ፣ ታክሲ ቀያይሬ እመጣለሁ። ትናገሪያለሽ። «እ?» እላለሁ። ትደግሚያለሽ። አሁንም «እ?» እላለሁ፤ ይደክምሽና ፊትሽን ወደ ብርቄ ታዞሪያለሽ። እሷ ሽንኩርት መክተፏን እንኳ ሳታቆም «ትራሱን ዝቅ አድርጊልኝ ነው የምትልሽ» ትለኛለች። የገዛ እህቴን በአስተርጓሚ! አንድ ቀን የሆነ ነገር አልሽና ሁለታችሁም በሳቅ ፈነዳችሁ። ምንድን ነው ብላት «እህቴ ስትናደድ አፍንጫዋ ይነፋፋል አለች» አለችኝ። እውነትሽን ነው፣ ይነፋፋል። ግን ለእኔው ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

እንጦጦ ፓርክ የወሰድንሽ ቀንም እንደዚያው። እኔ በቀኝ፣ እሷ በግራ ይዘንሽ ክብደትሽን ሁሉ የጣልሽው እሷ ላይ ነበር። አንድ ጎረምሳ ስትንገዳገጂ አየና «ማዘር፣ ገና በጠዋቱ?» አለ። እኔ ደሜ ፈላ። ብርቄ ግን ዞር ብላ «ምነው፣ አንተ ነህ የጋበዝከን?» አለችው። ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብለሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያቺን መልስ ምናለ እኔ በመለስኳት!

ስታርፊ ብርቄ ከል ለበሰች። የእህት ከል። ለቀስተኛው እሷንም እንደኔ «እግዜር ያጽናሽ» እያለ ሲያልፍ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። የተዝካሩ ዕለት እኔን አጎታችን ነጠላ አልብሰው ከሌን አስወለቁኝ። እሷ ግን በጥቁሯ ወጥ ስታቀርብ ዋለች። ማታ ሰላም «አክስቴ፣ ብርቄን ማን ያስወልቃታል? ዘመዶቿ ሶዶ ነው ያሉት፤ ካንቺ ሌላ ማን አላት?» አለችኝ። ነጠላ ባለብሳት በሰው ፊት እህትሽ ናት ማለቴ ነዋ። እህትሽ ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰሞኑን እንቅልፍ አጣሁ። ትናንት ነጠላ ገዝቼ ሄድኩ። ትከሻዋ ላይ ጣል ሳደርግላት ሕፃን ሆና አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ ድምጿ እንዴት ነበር? እኔ እኮ ደህናውን ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ተሰብሮ ነው ያገኘሁት። ዕድሜ ልክሽን ሰምተሻት፣ እንዴት እንደምቀናብሽ!»

ክው አልኩ። በእኔ የሚቀና ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅማ።

ነገርኳት። ቀጭን ነበር አልኳት። ልጆች ሆነን እንጦጦ ጭራሮ ለቀማ ስንወጣ ከፊቴ ሮጠሽ ዛፉ መሃል ትጠፊና፣ እንዳልደነግጥ ከላይ ሆነሽ ትጠሪኝ እንደነበር ነገርኳት። ብርቄ ጠጋ አለችኝ። «ምን ብላ ነበር የምትጠራሽ? እስቲ እንደሷ አድርገሽ ጥሪልኝ» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «ረሳሁት» አልኳት።

አልረሳሁትም፣ አለምዬ። ሳቅሽን ትውሰድ፣ የመጨረሻውን ዘመንሽን ትውሰድ፣ እህትሽም ትባል። ያንን ጥሪ ግን አንቺ ጋ እስክመጣ ድረስ ለብቻዬ እይዘዋለሁ።

ታላቅሽ