ስሙን ያልፋቅኩት ቺፕ

ውድ ልጄ ሱዩን፣

የአክስትሽን የዓሣ ኩሬ ሞተር እንዲያዝ የሠራሽውን ቦርድ በፖስታ አልመልስልሽም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ፖስታውን ስትከፍቺ ልብሽ እንዳይሰቀል ነው እንጂ ተሸንፌ አይደለም።

ከአዲስ ዓመት በዓል በኋላ ወደ ሃንግዡ ስትመለሺ በር ላይ ቆመሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። «አባዬ፣ እንደ ራስህ ሥራ አድርገህ ፈትነው። ከወደቀ በፖስታ ላክልኝ፤ ሁለተኛ ቦርድ ይዤልህ አልመጣም።» እሺ አልኩሽ፤ ቦርዱ ያለበትን ሳጥን ጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠሽ ሄድሽ። ለምን እንደዚያ እንዳልሽ ገብቶኛል። ከዚያ በፊት ያመጣሽልኝን ሁሉ ሳልከፍት መልሼልሻለሁ።

የእኔን ምርጫ ታውቂዋለሽ። በኋቺያንግቤይ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢኬድ በየባንኮኒው የማይጠፋው አሮጌው ቺፕ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። ዛሬ እግሮቹን በጣቴ ዳብሼ እለያቸዋለሁ። የማያውቁትን ነገር መምረጥ ቁማር ነው ብዬ እስከ ዛሬ ኖሬአለሁ። ቺፑ ላይ ፕሮግራም የምጭንበት መሣሪያ ከዚያ በእርጅና ቢጫ ከሆነው ኮምፒውተሬ በቀር ከሌላ ጋር አለመሥራቱን ግን አንቺ እንደ ነውር ታነሺው ነበር። «ኮምፒውተሩ የሞተ ዕለት የአክስቴ ዓሦችም አብረውት ሊቀበሩ ነው?» ያልሽኝ ጊዜ ሩዜን ትቼ ተነሳሁ። ማዕድ ላይ ስለ ሞት አይወራም።

የአንቺ ቺፕ ደግሞ ትንሽ፣ ርካሽ፣ ከስልክ ጋር የሚያወራ፣ የሚያስፈልገው ፕሮግራም ሁሉ በነጻ የሚወርድ ነው። በነጻ የሚሰጥ ነገር አላምንም። ቢሆንም ቃል ቃል ነውና ይዤው ወደ ሹንዴ፣ ወደ አክስትሽ ወደ ሹሜይ ኩሬ ወረድኩ።

አንቺ ኩሬ ዳር ያደግሽ ነሽ፤ አየሩ ሲከብድና ውሃውን እየናጠ አየር የሚያስገባው ሞተር ሳይነሳ ሲቀር ምን እንደሚሆን አይነገርሽም። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያዛጋሉ፤ ሲነጋ የዓመት ድካም ነጭ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ሞተሩን የሚያዘው ቦርድ ደካማ ከሆነ ሹሜይ ባዶ እጇን ቀረች ማለት ነው። ስለዚህ አልራራሁለትም።

መጀመሪያ ዳቦ በምታበስልበት የቀርከሃ ወንፊት ውስጥ አስቀምጬ በእንፋሎት ቀቀልኩት። የእኛ ክረምት ከዚያ አይሻልምና። አክስትሽ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አየችው። «ጋሼ፣ ዝንጅብል ልጨምርበት?» አለችኝ። ክዳኑን መለስኩት። ቀጥዬ ከሞተሩ ሽቦ ጎን አስሬው ማብሪያውን ደጋግሜ አበራሁ፣ አጠፋሁ። ሬዲዮዋ እስኪንጫጫ ድረስ። ቦርድሽ አልደነገጠም።

ከዚያ ውሻውን ፈተንኩ። ቺፑ ውስጥ ያለውን ጠባቂ ውሻ ማለቴ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ዙር ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ያበላዋል፤ ፕሮግራሙ ደንዝዞ ማብላቱን ከተወ ውሻው ይነክሰውና ከመጀመሪያው ያስነሳዋል። የዘንድሮ ልጆች የሚሠሩትን ስህተት ታውቂዋለሽ። ማብላቱን ቺፑ ውስጥ ላለው ሰዓት ይሰጡታል። ሰዓቱ በየጊዜው እየመጣ ያጎርሰዋል፤ ጌታው ፕሮግራም ወለል ላይ ተዘርሮ ውሻው ጠግቦ ይተኛል። ገበያውን የሞሉት ቦርዶች እንደዚህ ያሉ ናቸው። በአንቺም ላይ የጠበቅኩት ይህንኑ ነበር።

መቀስ አነሳሁና፣ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር የሚለካውን ሽቦ ቆረጥኩት። ፕሮግራምሽ የማይመጣ መልስ ሲጠብቅ ፈዞ ቀረ። ውሻው ነከሰው። ተነሳ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፤ ግን ቀጥሎ ያደረገውን ሳይ ተናደድኩ። መለኪያው ተቆርጧል፤ ኩሬው ውስጥ አየር ይኑር አይኑር የሚነግረው የለም። እንዲህ ሲሆን የእኔ ቦርድ ሞተሩን አይነካም፤ ቀይ መብራት አብርቶ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። የማያውቅ አርፎ ይቀመጥ ነው ሕጌ። ያንቺው ግን ሞተሩን አስነሳ።

ያኔ ነው የደወልኩልሽ።

«ሳያውቅ ለምን ይጀምራል?» አልኩሽ።

«ውሃው በከንቱ ቢናጥ ማን ይሞታል አባዬ?»

ይህ ግምት እንጂ ሥራ አይደለም፣ እንዲህ ያለውን ማን አስተማረሽ ብዬ ተቆጣሁ።

«እማዬ ናት» አልሽኝ። «አንተ ከገበያ ትምጣ አትምጣ ሳታውቅ ሁሌ ያንተን ሩዝ ትጥድ ነበር።»

መስመሩ አልተበላሸም ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ስልኬ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ አክስትሽ ሁሉንም ሰምታለች። ባቄላዋን እየፈለፈለች፣ ቀና ሳትል፣ «የአንተን ቦርድ እኮ እኔ ነኝ በነጠላ ጫማ እየመታሁ የማስነሳው» አለች። «ቀዩን መብራት አብርቶ ቁጭ። ባለቤቱን ነው የሚመስለው።»

ኩሬው ዳር ተቀመጥኩ። እናትሽን አሰብኩ። ጣቴ ከብየዳው የተነሳ ቆርቆሮ ቆርቆሮ እየሸተተ ከገበያ ስገባ ድስቱ እንደተከደነ፣ ሩዙ እንደሞቀ ይጠብቀኝ ነበር። ሳልመጣ የቀረሁ እንደሆነ ጠዋት ከእንቁላል ጋር ጠብሳ ለአንቺ ትሰጥሽ ነበር፤ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። እኔ እንደምመጣ የምታውቅ ይመስለኝ ነበር። ሳታውቅ እንደምትጥድ እስክትነግሪኝ ድረስ አልገባኝም። ሞተሩ ውሃውን ሲንጥ ሳየው ቆየሁ። ደስ የሚል ድምፅ አለው።

የቆረጥኩትን ሽቦ ቀጠልኩና፣ የእኔን አሮጌ ቦርድ ፈትቼ ያንቺን ኩሬው ዳር ያለው ምሰሶ ላይ አሰርኩት። «የምመታው እንዳላጣ እሱን እዚሁ ተውልኝ» ብላ አክስትሽ አሾፈችብኝ።

ከእጄ የሚወጣ ቦርድ ሁሉ ቺፑ ላይ ያለው ስም ተፍቆ ነው የሚወጣው። በገበያችን ያልፋቀ ሥራው በሳምንቱ ተገልብጦ ጎረቤት ባንኮኒ ላይ ያገኘዋል። አንቺ በዚህም ትጣይኝ ነበር፤ ከሌባው ስደብቀው ከሚጠግነውም እየደበቅኩት እንደሆነ ትነግሪኝ ነበር። እንደ ልማዴ ብርጭቆ ወረቀቴን አውጥቼ ቺፑ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። የሚሰርቅ ይስረቅ። ቢሰረቅ የማናውቀው ሰው ኩሬ ላይም ሳያውቅ የሚነሳ ሞተር ይኖራል ማለት ነው።

በክዳኑ ውስጠኛ በኩል የቺፑን ስም በወፍራም ብዕር ጻፍኩ። ከሥሩ ያንቺን ስም፣ ከስሙ አጠገብ ስልክሽን። በመጨረሻም «ቢቆም በጫማ አትምቱት፤ ለእሷ ደውሉ» ብዬ ጨመርኩበት። ስለዚህ ከሹንዴ የማታውቂው ሰው ከደወለልሽ አንሺው።

የቦርድሽ ሰማያዊ መብራት ግን ከልክ በላይ ያበራል፤ በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ሽቦዎችሽንም ቀለማቸውን አስተካክዪ፤ ቀይ በጥቁር ቦታ አይገባም። ይህን ያየሁት ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሆነ እንጂ፣ አስቀድሜ አይቼው ቢሆን ኖሮ ፈተናውን ሁሉ እተወው እንደነበር እወቂ።

ለመቃብር ጠረጋው በዓል እናትሽ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ባቡርሽ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ንገሪኝ። ባትነግሪኝም ሩዙ ይጣዳል።

አባትሽ፣
ቺዩ ዴሼንግ