ያልመጣው ማሊያ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከሥራ በጊዜ ወጣሁ። የነርሲንግ ሆሙ ሽማግሌዎች ዛሬ ጸጥ ብለው ዋሉ። ቻምበርስ መንገድ ላይ ያው ትራፊክ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቫልሚር ማሊያዎቹን አልጋው ላይ ዘርግቷቸዋል። ለሰው ሊሰጣቸው ነው። የመጨረሻው ክለቡ ከለቀቀው ወዲህ ኳስ የሚባል ነገር ማየት አይፈልግም። ብራዚል፣ ቦሊቪያ፣ ፖርቱጋል፣ እዚህ... በአሥራ አራት ዓመት አሥራ አንድ ክለብ። ሁሌም ተከላካይ፣ የትም ኮከብ ሳይሆን።

ቆጠርኩ። አሥር ናቸው።

«አንዱስ?»

«እሱን ይዤው አልመጣሁም።»

ማሊያዎቹን ማጣጠፍ ጀመረ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ወንድሜ ኪሩቤል ፒዮሪያ መንገድ አጠገብ ከሐበሾች ጋር ኳስ ይጫወታል። ሰው ጎደለባቸውና ቫልሚርን ለምኖ ወሰደው። እኔም ሄድኩ።

አንድ ቀጭን አጥቂ ኳስ እየገፋ መጣበት። ቫልሚር ዞር ብሎ አሳለፈው። ጎል። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ አሳለፈው። ሰው ሳቀ።

መኪና ውስጥ «ጉልበትህን አሞህ ነው?» አልኩት።

«አይደለም። ልጁ ሲመጣብኝ ኤዲልሰን ታየኝ።»

ኤዲልሰን ማነው? በአራት ዓመት ትዳር ስሙን ሰምቼው አላውቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነገረኝ። ብራዚል፣ አምስተኛ ክለቡ፣ ማሊያውን ይዞት ያልመጣው። ከተሸነፉ ከሊጉ ይወርዳሉ። አሰልጣኙ እረፍት ላይ ጠርቶ «ያ ቁጥር ሰባት ጨዋታውን እንዳይጨርስ» አለው። የተጋጣሚው ቁጥር ሰባት ኤዲልሰን ነበር። ቫልሚር ኳሷን ትቶ እግሩን መታው። ቅልጥሙ ተሰበረ። ድምፁ... እስካሁን ይሰማኛል አለ።

ቢጫ ካርድ ብቻ። ቡድኑ ተረፈ፣ ኮንትራቱ ታደሰለት። ኤዲልሰን ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም።

«ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ።»

ምነው በዋሸኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ካፒቶል ሂል ሰፈር፣ ኪሩቤል ቤት። ሦስተኛ ቀኔ። የተጣላን መስሎታል። አልተጣላንም... ምን ልበለው? ዛሬ ሥራ ቦታ ለአንድ ሽማግሌ ካልሲ ሳጠልቅላቸው ቅልጥማቸውን ዳሰስኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ቫልሚር ደወለ። የኤዲልሰንን ስልክ አግኝቶታል። ነገ ሊደውልለት ነው። «አጠገቤ ብትሆኚ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሄድኩ። ጃኬቴን ሳላወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ስፒከር ላይ አደረገው። ፖርቱጋልኛዬ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ይሄ ግን ገባኝ። «ሆን ብዬ ነው የሰበርኩህ» አለው።

ከዚያ ኤዲልሰን፣ «አሥራ አንድ ዓመት... ኳሷ ላይ ዘግይቼ ደርሼ ነው፣ የራሴ ጥፋት ነው እያልኩ ኖርኩ» አለ። ቀጥሎ፣ «ማን አዘዘህ?»

የአሰልጣኙን ስም ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። «የመታሁህ እኔ ነኝ» አለ ቫልሚር።

ኤዲልሰን ይቅር ብዬሃለሁ አላለውም። ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት።

«ሚስት አለህ?» አለችው።

«አጠገቤ ናት።»

«አገናኘኝ።»

ስፒከሩን አጥፍቼ ተቀበልኩ።

«ታውቂ ነበር?»

«ካወቅሁ ስድስት ቀኔ ነው።»

«እና አብረሽው ነሽ?»

መልሱን እስክናገረው ድረስ እኔም አላውቀውም ነበር። «አብሬው ነኝ።»

«የኔው እያነከሰ ሲሄድ የሚራገመው ራሱን ነበር» አለች። «ከዛሬ ወዲያ የባልሽን ስም ነው የሚጠራው። በየቀኑ። እወቂው።»

ዘጋች።

«ምን አለችሽ?» አለኝ ቫልሚር።

አልነገርኩትም። ጃኬቴን አውልቄ ሰቀልኩ።