እልልታዬ ያስቆመው ትግል

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ትሩጋኒና

ዛሬ ሱኒታ አሸነፈች። ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ አብራኝ የምትሠራ ሕንዳዊት ናት። በአገሯ ስሟ የታወቀ የነጻ ትግል ስፖርተኛ ነበረች፤ ካገባች ወዲህ ግን አማቷ፣ የባሏ እናት፣ «ምራት አትታገልም» ብለው አስቁመዋታል። ዘንድሮ እምቢ ብላ ወደ ውድድር ተመለሰች። ዛሬ ኮሊንግዉድ ሰፈር በተካሄደው ውድድር ላይ አማቷ ሳይታሰብ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ፊታቸው አይፈታም።

ሱኒታ ተጋጣሚዋን ከመሬት ስታነሣት አላስቻለኝም፣ ገና ሳትጥላት እልልታዬን አቀለጥኩት። እልልታ የማያውቀው ዳኛ ሰው ተጎድቶ የጮኸ መስሎት ፊሽካውን ነፋ። ተጋጣሚዋን ከሱኒታ እጅ አስለቅቆ ሁለቱንም እንደ አዲስ አስጀመራቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጌታ ሆይ፣ በእኔ አፍ ምክንያት እንዳትሸነፍ፣ እያልኩ በልቤ ጸለይኩ።

አማቷ ዓይናቸውን ከምንጣፉ ሳይነቅሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው «አትጨነቂ፣ ደግማ ታነሣታለች» አሉኝ።

ደግማ አነሣቻት፤ በጀርባዋም ዘረረቻት። ዳኛው የሱኒታን እጅ ሲያነሣ እኔ አፌን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ይዤ ነበር። አማቷ እጆቼን ቀስ አድርገው ከአፌ ላይ አወረዱና፣ «አሁን» አሉኝ።