የጆንያው አፍና የሳሊሀ ዓይን

ይድረስ ለእህቴ ለሳሊሀ፤ ድሬዳዋ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የድሬ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ልጅሽ ፋሂም ደህና ነው? ይህን የምታነብልሽ ምራትሽ ሀያትስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቶ እዚህ ጅሬን ፀሐይ ሆኗል፤ ቡናውም መቅላት ጀምሯል። ያስቸገረኝ እግሬ ብቻ ነው። አሞኝ ሳይሆን አንድ ቦታ አላርፍ ብሎ፤ ከበር ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ በር ያመላልሰኛል። ባለቤቴ ለጢፋ፣ ሽማግሌው፣ እንቁላል ልትጥል ነው እንዴ፣ ብላኛለች።

ምክንያቱ አንቺ ነሽ። ፋሂም እንደነገረኝ፣ የዓይንሽን ሞራ ለማስገፈፍ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የተያዘልሽን ቀጠሮ ትተሻል። ስልኩን አፍንጫሽ ላይ አስጠግተሽ ስትፈልጊ፣ ያለ ቢላ ሞራ የሚያወጣ ጠብታ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ ብለሻል። ደውዬ ስስቅብሽ ዘጋሽብኝ፤ ከዚያ ወዲህም አታነሺም። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ሾፌሩ ቲጃኒ እጅሽ ላይ ያደርስልኛል።

እኔም ስልክ መነካካት የጀመርኩት ዘንድሮ ነው፤ የልጅ ልጄ ፈሂማ ናት ያስተማረችኝ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር፣ መልእክት እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ ወይ፣ ይለኛል። ደጅ ቆሞ ፈቃድ የጠየቀን ማን እንቢ ይላል? ይሉኝታ ይዞኝ ለሁሉም እፈቅዳለሁ አልኩ። ታዲያ ጁምዓ መስጊድ ተቀምጠን ኪሴ ይንጫጫ ጀመር። አውጥቼ ባየው የቁማር ማስታወቂያ! ጎኔ የነበረው ወዳጄ አብዱልሃዲም አየው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቁማርተኛው ሐጂ ይለኛል። ሳሊሀ፣ እዚያ ሰፈር ይሉኝታ የለም። አልፈቅድም ብለሽ እለፊ። የሚብለጨለጨውንም አትንኪ፤ ከተነካብሽ ወደኋላ የሚመልስ ቀስት አለ፣ እሱም እንቢ ካለ ገጹን ዝጊው። እኔ ላይ ከዘጋሽ እሱ ላይ መዝጋት አያቅትሽም።

ያንቺን ጠብታ እኔም ፈለግሁት። እውነትም ከሁሉ በላይ ጉብ ብሏል። ግን ማሎ፣ እባክሽ ሳሊሀ፣ ከጎኑ በደቃቅ ፊደል "ማስታወቂያ" ይላል! ከላይ የተቀመጠው ስለከፈለ እንጂ እውነት ስለሆነ አይደለም። አባባ አጋሮ ገበያ ቡና ሲገዛ ትዝ አይልሽም? ጆንያው አፍ ላይ የተደረገለትን ያማረ ፍሬ ዞር ብሎ አያየውም፤ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ከታች ይዘግን ነበር። እኔም እንደሱ ወደ ታች ወረድኩ። የጻፈው ሰው ስም የለም፣ የተጻፈበት ቀን የለም፣ አድራሻ የለም። ያለው ምን መሰለሽ? ያው ጠብታ ጉልበት ያጸናል፣ ያኮረፈች ሚስት ይመልሳል፣ መላጣ ላይ ፀጉር ያበቅላል። የመጨረሻው ላይ ልቤ ትንሽ ከጅሎ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል ጻፍኩ። ስማቸውንና የሚሠሩበትን ሐኪም ቤት አስቀምጠው የጻፉት የዓይን ሐኪሞች ሁሉ፣ ሞራ በጠብታ አይወጣም ነው የሚሉት። እኔን ካላመንሽ ፋሂም ከፍቶ ያንብብልሽ።

እስቃለሁ እንጂ ሳቅ ብቻ አይደለም። ለዒድ የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ፣ ወንድሜ ገና ጎረምሳ ነህ፣ ያልሽኝ ጊዜ ለጢፋ ደስ አላት፤ እኔ ግን ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ዕድሜ ልክሽን ስትሰድቢኝ ኖረሽ ካመሰገንሽኝ፣ ዓይንሽ ምን ያህል እንደደከመ ያኔ ገባኝ። እግሬም ያን ጊዜ ነው ዕረፍት ያጣው። መፍራትሽን አውቃለሁ። ለጢፋም አምና ከመገፈፏ በፊት ስትንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ ሻይዬ ውስጥ የምጨምረውን ስኳር ከወጥ ቤት ሆና ታያለች። መከራው የእኔ ነው። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ሐሙስ ሂጂ።

ለጢፋና ፈሂማ በጣም ናፍቀሻቸዋል፤ አብዱልሃዲም ሰላም ይልሻል። ፋሂምን፣ አጎትህ እናትህን ክንዷን ይዘህ ውሰዳት ብሎሃል በይልኝ። የልጅ ልጅሽን ትንሿን ኢሕሳንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሀያት ልጄ፣ አንቺም ሰላም ሁኚ፤ ከስሜ በታች በደቃቁ የጻፍኩትን ግን አታንብቢላት። ፋሻው ሲፈታላት ወረቀቱን ስጫት፣ ራሷ ታንብበው።

ወንድምሽ አባቦራ
ጅማ፣ ጅሬን፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሊሀ፣ አሁን ያንን ፎቶ እንደገና እዪው። ከዚያ ደውለሽ፣ አርጅተሃል በዪኝ።