አዲሱ ሐኪም ፊት የተቀመጥኩ ዕለት

ውዴ ሃብቶም፣

እንደምን አለህ ብዬ ብጠይቅህ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳልጠይቅ አልጀምርም። ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። እኔም ልጃችንም ደኅና ነን። ፀሐይ መምህርት ሆናለች፤ ስትቆጣ አንተን ነው የምትመስለው። አሮጌዋን መኪናህን ሸጥኳት፣ አትቀየመኝ። ከአንተ በቀር እየገፋ የሚነዳት ሰው አላገኘሁም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለዚያች መንደርህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ስታክም ከርመህ እሁድ እሁድ አሥመራ ብቅ ስትል፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ እሷን እያልኩ እቀልድብህ ነበር። ሰዎቹ ለአንተ ተዝካር እናውጣ ብለው ጠሩኝና ሄድኩ። እኔን የጎንደሯን ልጅ እንደ እናታቸው አደይ እያሉ ተቀበሉኝ። ይህ ሁሉ በአንተ ነው፣ አመሰግንሃለሁ።

በአንተ ቦታ መንግሥት ሌላ ሐኪም ልኳል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጢሙ እንኳ በወጉ ያልበቀለ ልጅ ነው። አንድም ሰው ደጁን አይረግጥም። የኤርትራ ባንዲራችን ከወረደ ወዲህ ከዚያ የሚመጣ ሁሉ በምን ዓይን እንደሚታይ ታውቃለህ። ከዚያ ይበልጥ ግን ወደ እሱ መሄድ አንተን መክዳት መስሏቸዋል። ተዝካርህን ስንበላ እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ያየን ነበር።

በእጅህ የተወለደችው ለተብርሃን የራሷን ሕፃን ታቅፋ ከጎኔ ነበረች። ልጁ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ወደ ሐኪሙ ውሰጂው ብላት፣ ከኣቦይ ዶክተር ሌላ ማንም አይነካውም ብላ አለቀሰች፤ አንተን ማለቷ ነው። ብለምናት፣ ብቆጣት እምቢ አለች። ሴቶቹም ከእሷ ጋር ሆኑ። ሕፃኑ ዓይናችን እያየ ሊያመልጠን ነው።

ተነሣሁ። ሰዉ ሁሉ እያየኝ ተሻገርኩና የክሊኒኩን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ በሽተኞችህን የምታስቀምጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አሞኛልና እየኝ አልኩት። ወጣቱ ሐኪም ደነገጠ። ማዳመጫውን አንሥቶ ደረቴን አዳመጠ። ያንተ እጅ አልነበረም፣ ሃብቶም፤ እንባዬ መጣ። ይተንፍሱ ሲለኝ ግን ውጭ ያሉት እስኪሰሙ ድረስ ጮክ ብዬ ተነፈስኩ።

ቀና ስል ለተብርሃን ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ቦታውን ለቀቅኩላት።

የሕፃኑ ሕመም የሳንባ ነበር። ዳነ፣ ተመስገን። ሐኪሙም ጎበዝ ነው፤ ብታየው ትወደው ነበር። አሁን ከጠዋት ጀምሮ ደጁ ሰው አያጣም አሉ። እኔ ፈሪዋ ያን ያህል ሰው ፊት የደፈርኩት ከአንተ ጋር ስለኖርኩ ነው። አንተም በሽተኛ ካየህ ይሉኝታ አታውቅም ነበርና።

ስሰናበታቸው ሽማግሌዎቹ ዶክተርን ረሳነው ይሆን ብለው ተጨነቁ። እናንተ ታከሙ፣ እሱን ማስታወሱን ለእኔ ተዉልኝ አልኳቸው።

ባለቤትህ አልማዝ